የዕሌኒ ልጅ ከተማ

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ባለችው በዮርክ ከተማ መንገዱ «ጌት» ይባላል፣ በሩ «ባር» ይባላል፣ ባሩ ደግሞ «ፐብ» ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ የለም። የማድርበት ሆስቴል አድራሻ «ከሚክልጌት ባር ወረድ ብሎ» ስለሚል፣ ሻንጣዬን በኮብልስቶኑ ላይ እያንገጫገጭኩ ቢራ የሚሸጥ ቤት ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ጠየቅሁ። ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ለካ ቆሜ የምጠይቀው እባሩ ሥር ነው! ግንብ የተጫነበት የድንጋይ በር። ዱሮ የከሃዲ ራስ እየተቆረጠ የሚሰቀለው እዚያ ላይ ነበር፤ በ1460 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የዮርኩን መስፍን የሪቻርድን ራስ የወረቀት ዘውድ ደፍተው ሰቅለውበታል ይባላል። እኔ ደግሞ ሥሩ ቆሜ ድራፍት እጠይቃለሁ።

ጥፋቱ የቫይኪንጎች ነው። በ866 ከተማዋን ሲይዙ ቋንቋቸውንም አራገፉባት፤ በእነሱ አፍ «ጋታ» ማለት ጎዳና ነው። ከሁሉ አጭር ነው የሚባለው መንገድ ዊፕ ማ ዎፕ ማ ጌት ይባላል። ስሙን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ መንገዱ ያልቃል።

ሆስቴሉ ርካሽ ነው። ርካሽ ስል በፓውንድ ነው፤ በብር መንዝሬ ሳየው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ዳግመኛ አልመነዝርም ብዬ ማልኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መሐላዬን አፈረስኩ። ክፍሉ የስምንት ሰው ነው፣ አልጋው ተደራራቢ፣ የእኔ ድርሻ ላይኛው። ፎጣ ለብቻው ይከራያል፤ ለቁም ሳጥኑ ጓጉንቸር ከፈለግህ ይሸጥልሃል። ከበታቼ የተኛው ሰውዬ ሲያንኮራፋ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ላይ ሆኜ አብሬ እንቀጠቀጣለሁ። ይህስ ይለመዳል። የከፋው በየመሐሉ ዝም ሲል ነው፤ ምን ሆነ ብዬ አንገቴን አስግጌ ቁልቁል አየዋለሁ፣ ያን ጊዜ ወፍጮው ድንገት ይነሣል። ጠዋት በትሕትና «ደህና አደርክ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። ምን ልበል?

ኪስ ለሳሳበት ሰው ከተማዋ ክፉ አይደለችም። የጥንቱ ቅጥር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ግድም ይሆናል፤ ላዩ ላይ ወጥቶ መሄድ በነፃ ነው። ያን ያህል መንገድ የተጓዘ ሰው ደግሞ ሥጋ ያምረዋል። ሻምብልስ የሚሏት ጠባብ መንገድ የሉካንዳ ሠፈር ናት ሲሉኝ እንደ ዶሮ ማነቂያ መስላኝ ምራቄን እየዋጥኩ ገሰገስኩ። በ1872 እዚያች ቀጭን መንገድ ላይ 25 ሥጋ ቤት ነበር። ዛሬ አንድም የለም! ብልት የሚሰቀልባቸው ሜንጦዎችና ሥጋ የሚዘረጋባቸው መደቦች እንዳሉ አሉ፤ ቤቶቹ ሐሜት እንደሚያወሩ ባልቴቶች ግራና ቀኝ ተደጋግፈዋል፤ የሚሸጠው ግን ከረሜላና የጠንቋይ በትር ነው። ሜንጦውን አይቼ ዳቦዬን ገመጥኩ።

ዋናው ነገር ካቴድራሉ ነው፣ ዮርክ ሚንስተር። ግንባታው ከ1220 ገደማ እስከ 1472 ፈጅቷል። በሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል። ዋጋውን አይቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። የዮርክ ነዋሪ ነኝ ብሎ አድራሻውን ያስመሰከረ በነፃ ይገባል፣ ከውጭ የመጣ ይከፍላል። ይህን ሥርዓት የት ነው የማውቀው ብዬ ሳስብ ላሊበላ ትዝ አለኝ። ፈረንጁ በዶላር ሲከፍል እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በአጠገቡ እልፍ ስል፣ ትንሽም ቢሆን ኮራ ብዬ ነበር። እነሆ ዛሬ ፈረንጁ እኔ ሆንኩ።

ግን ለሚጸልይ ሰው አይከፈልም። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሠርክ ጸሎት አለ። በር ላይ የቆሙት ሰውዬ «ለጸሎት ነው?» አሉኝ። ለጸሎት ነው አልኩ፤ ግማሹ እውነት ነው። ደፉን ስረግጥ እጄ ሳላዘው ወደ ጫማዬ ወረደ። ማንም ጫማ አላወለቀም። የካልሲዬን ቀዳዳ አስቤ አምላኬን አመሰገንኩ። ደግሞ መቋሚያ የለ፣ መቆሙም ጥቂት ነው፤ ከመዘምራኑ ጎን በተቀረጸ የእንጨት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ልጆቹ እንደ ጥር ውኃ በጠራ ድምፅ ዳዊት ሲያዜሙ ሰማሁ። ያለ ሀፍረት ልናገር፣ አለቀስኩ። የእንቅልፍ ማጣትም አለበት።

ከመሠዊያው ኋላ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል መስኮት ቆሟል። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ በባለ ቀለም መስተዋት የሠራው ጆን ቶርንተን የሚባል ሰው ነው፤ በ1405 ጀምሮ በ1408 ጨረሰው። የተከፈለው 56 ፓውንድ ነው። እኔ ለሁለት ሌሊት ለላይኛው አልጋ የከፈልኩት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህ ሕንፃ እሳትም ያውቃል። በድንግል መውለድ ላይ በአደባባይ ጥያቄ ያነሡ ጳጳስ እዚያው ተሾሙና በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 9 ቀን 1984 ሌሊት፣ የደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ነደደ፤ ምክንያቱ መብረቅ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አጋጣሚ ነው የሚሉ አሉ። እናቴ አጋጣሚ የሚባል ነገር አታውቅም።

ከጸሎት ስወጣ በዚያው በደቡቡ በር አጠገብ አንድ የነሐስ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ተንፈላስሶ፣ የተሰበረ ሰይፉን እንደ መስቀል አቁሞ ያያል። ስሙን አነበብኩ፦ ቆስጠንጢኖስ! አባቱ ዮርክ ላይ ሲሞት ወታደሩ በ306 ያነገሠው እዚሁ ነው። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«የዕሌኒ ልጅ? የደመራዋ? እዚያ ምን ይሠራል?»

«የነገሠው እዚህ ነው፣ እማዬ።»

«እናቱስ? አብራው አለች?»

ዞር ብዬ አየሁ። ብቻውን ነው።

«የለችም።»

«አየህ» አለች፣ «አገር ለቆ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባኝ አእምሮዬን አስጨነቅሁት። ቀን ዳቦዬን የበላሁበት፣ ሰው ለሻይ ተሰልፎ የሚቆምበት አደባባይ ሴንት ሄለንስ ይባላል፤ አጠገቡ በስሟ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሄለን ማለት ዕሌኒ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የበራልኝ።

«እማዬ፣ አለች! አደባባይም ቤተ ክርስቲያንም አላት፣ ከልጇ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።»

ደስ አላት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀጥላ ግን፣

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ ያስከፍላሉ አሉ። ስንት አስከፈሉህ?»

«ምንም። በጸሎት ሰዓት ገባሁ።»

«ተባረክ። ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥስ ምን ጣልክ?»

«ሃሎ? እማዬ? ኔትወርኩ... ሃሎ?» አልኩና፣ ቆስጠንጢኖስን ሳላይ አቀርቅሬ ወደ ሆስቴሌ ሄድኩ።