ለክቡር ዜሮ በመቶ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሕግ ታውቀው ሳለ በአካል ጎንደር ስላልደረሱ

ክቡር ሆይ፤

"ባሉበት" ያልኩት አድራሻዎ ስለጠፋኝ ነው። ድሮ የሚኖሩት በተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994፣ አንቀጽ 7 ውስጥ ነበር። ያ ቤት ሲፈርስ ወደ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ገቡ፤ "ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃና አገልግሎት" የምትለዋንም ጓዝዎን ይዘው ነው የሄዱት ብለውኛል። ወንድምዎን አቶ 15 በመቶን ለማግኘትማ ጠያቂ አያሻም። ከአዘዞ እስከ ማራኪ የማይገቡበት ደጅ የለም። ማኪያቶ ስጠጣ አብረውኝ ይጠጣሉ፤ ጄኔሬተር ስገዛ ከሻጩ ቀድመው ይቀበሉኛል። የእርስዎን መልክ ግን ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኔ በምታወጣው ደረሰኝ ግርጌ፣ "ታክስ 0.00" ተብሎ። እንደ ጉርድ ፎቶ ናት፤ ከደረት በታች ምን እንዳለዎት አይታወቅም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ቢሮ አለችኝ። ሥራዬ ድምፅ መገልበጥና መተርጎም ነው። አውሮፓ ያለ አንድ የጥናት ተቋም የዳባትና የጃናሞራ ገበሬዎችን እያነጋገረ በድምፅ ያስቀርጻል። እኔ አዳምጬ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ በኢሜይል እሰዳለሁ። ገበሬው "ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው" ይላል፤ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ይላል። ከኋላው ውሻ ይጮሃል፣ ንፋሱ መቅረጫውን ያንኳኳዋል። ዝምታውንም መዝለል አይፈቀድልኝም፤ በቅንፍ "ንፋስ" ብዬ እጽፋለሁ። ውርጭና ንፋስ ልኬ ዩሮ አስገባለሁ ማለት ነው። የሰሜን ጎንደር ደጋ ከዚህ በላይ ምን የሚላክ ነገር አለው?

ስለ እርስዎ ከብዙ ሰው የተሻለ አውቃለሁ። ስላላገኘሁዎት አጠናሁዎት። ይህን ታክስ በመጨረሻ የሚሸከመው ተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው ባሕር ማዶ ከሆነ ታክሱ የዚያ አገር ጉዳይ ነው፤ ከእኛ የሚወጣው ነገር የእኛን ታክስ አዝሎ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ደንበኛዬን ዜሮ አስከፍላለሁ፤ እኔ ራሴ ለሥራው ዕቃ ስገዛ የከፈልኩት ቫት ደግሞ ይመለስልኛል። "ከታክስ ነፃ" ከሚባሉት ዘመዶችዎ የሚለዩት በዚህች በመጨረሻዋ ነው። የአርባ አራቱ ታቦት አገልግሎት ከታክስ ነፃ ነው፤ ደብሩ ግን ለጣሪያው ቆርቆሮ ሲገዛ የከፈለውን 15 በመቶ "መልሱልኝ" ሊል አይችልም፣ ዋጋውን በሰማይ ይቀበላል። እኔ ግን ነፃ አይደለሁም። ዜሮ ነኝ። ዋጋዬን የምቀበለው እዚሁ ነው ተብሏል።

ሒሳቡ አጭር ነው። ሁለት ላፕቶፕ በ160,000 ብር፣ ቫቱ 24,000። ጄኔሬተር በ70,000፣ ቫቱ 10,500። ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ በ45,000፣ ቫቱ 6,750። ድምር 41,250 ብር። ሽያጬ በሙሉ ወደ ውጭ ስለሆነ ከማንም የሰበሰብኩት ቫት የለም፤ የሚቀናነስ ነገር የለም ማለት ነው። የድሮው ቤትዎ በአንቀጽ 27 ላይ፣ ከሽያጩ ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ ምጣኔ ለሆነ ሰው ብልጫው ባመለከተ በሁለት ወር ውስጥ ይመለስለታል ይል ነበር። የኔ 25 አይደለም፤ መቶ ነው። እናም በሚያዝያ 2016 ፎልደሬን ታቅፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም የኔን ስም አስታውሶ አያውቅም።

ያስተናገደችኝ ልጅ ትሑት ነበረች። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠች።

"ጋሼ፣ የላኩት ዕቃ ምንድን ነው?"

"ዕቃ አይደለም፤ አገልግሎት ነው።"

"እሺ። ዲክላራሲዮኑስ?"

"አገልግሎት ዲክላራሲዮን የለውም። በኢሜይል ነው የሄደው። ውሉ ይኸውና፣ ኢንቮይሱ ይኸውና፣ ባንኩ ዩሮው መግባቱን የጻፈልኝም ይኸው።"

"እሱን አየሁት። በየትኛው ጉምሩክ ጣቢያ ነው የወጣው?"

"በኢንተርኔት።"

ዝም አለች። እኔ ብሆን በቅንፍ "ንፋስ" ብዬ እጽፍ ነበር።

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"የገበሬ ቃል ነው። ስለ ገብስ፣ ስለ ውርጭ።"

"ውርጭ" አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች። ቅጹ ላይ "የዕቃው ዓይነት" ከሚለው ፊት ለፊት ቁጭ አደረገችው። "ኃላፊው ይየው። ሰኞ ይመለሱ።"

ሰኞ ተመለስኩ። ሲስተም የለም ተባለ፤ ሐሙስ ተመለስኩ። ሸኚ ደብዳቤ ጎድሎታል ተባለ፤ ይዤ ተመለስኩ። መዝገብ ቤት ፋይሉን ኦዲት ጋ ሰደደው፤ ኦዲት መዝገብ ቤት ጋ ነው አለ፤ በሁለቱ መካከል ባለው ኮሪደር ተመላለስኩ። ሁለቱ ወር ሲሞላ የሕጉን አማርኛ ያኔ ተረዳሁት። "ተመላሽ" የሚለው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ስለ እኔ ነው። የበር ጥበቃው እንኳ መፈተሹን ትቶ "ደህና አደሩ፣ ዛሬም ተመለሱ?" ማለት ጀመረ።

በልጅቷ አልፈርድባትም። የተሰጣት ቅጽ የተሠራው ለጆንያ ነው። የመተማ ሰሊጥ ሲወጣ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ዲክላራሲዮን ይያዝለታል፤ ኬላውን ሲያልፍ የሚያየው ዓይን አለ። የኔ ሥራ ሲወጣ የሚያየው ላፕቶፔ ብቻ ነው፤ እሷም በምስክርነት አትቀርብም። ጎንደር ደግሞ ለኤክስፖርት እንግዳ አይደለችም። ነጋዴዎቿ ወደ ምጽዋና ወደ ሱዳን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የታጨቀ ዝባድ ሲልኩ የኖሩባት ከተማ ናት፤ ነጋድራሱም ኬላው ላይ ቀረጡን ይቀበል ነበር። ነጋድራስ ቀረጥ መለሰ ሲባል አልሰማሁም። ነገር ግን እመልሳለሁ ብሎም በነጋሪት አላስነገረም።

የኔን ሥራ ሲወጣ የሚያየው ላፕቶፔ ብቻ ነው ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ወደዚያ የተጠጋ ነገር ደርሶብኛል። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራዬ ቢሮዬ ውስጥ ታሰረ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ወራት ሆነ። ደንበኛው ከአውሮፓ ስልክ እየደወለ "ፋይሉ የት ደረሰ?" ይላል። በመጨረሻ አርባ ሰዓት የሚሆን የገበሬ ድምፅ ከነጽሑፉ በአንድ ፍላሽ ገለበጥኩና በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመዴ በእጁ ሰጠሁት። የእህቴ ልጅ ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ በዋይፋይ ሰደደው። አያቶቻችን ዝባዱን በቀንድ፣ እኔ ውርጩን በፍላሽ። ይህን እንደ ጀብድ ለመሥሪያ ቤቱ ባወራው፣ ፋይሌን የተረከበው ሁለተኛው ባለሙያ ፊቱ በራ። "እንዲያ ከሆነ ዕቃ አለ ማለት ነው!" አለኝ። ወዲያው ግን መልሶ ተከዘ። "ግን ኤክስፖርቱ የተፈጸመው ከጎንደር ነው ወይስ ከቦሌ?" የማኪያቶውን ደረሰኝ ከካፌው እንዳመጣ ጠየቀኝ። አቶ 15 በመቶ እዚያም ነበሩ።

ደባርቅ ያለ አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። እሱ ስለ እርስዎ ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል። ፈረንጁ በዓለም አቀፍ በረራ ሲመጣ ከእርስዎ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ ዓለም አቀፍ ትራንስፖርት በዜሮ ምጣኔ ነውና። ሳንቃ በር ደርሶ ድንኳን ሲተክል፣ ስካውት ጠመንጃውን ይዞ ሲከተለው፣ ጨነቅ ላይ ዋልያ ሲያይ ግን አገልግሎቱ እዚሁ ተበልቶ አለቀ ይባላል፤ ዶላር ቢያመጣም ዶላሩን እንጂ ተራራውን ይዞ አይሄድም። ወዳጄ በዚህ አይከራከርም፤ እኔም አልከራከርም። "የኔ ሥራ አይወጣም፤ ስለዚህ 15 ከፍዬ እገላገላለሁ። ያንተ ወጥቶም አልወጣም" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭላዳ ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ሣሩን ነቅሎ እዚያው ይበላል፤ ማንንም ተመላሽ አይጠይቅም።

ቢቸግረኝ ሰፈሬ ያሉትን የኔታን አማከርኩ። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። "የኔታ፣ ዜሮን ያውቁታል?" አልኳቸው። በግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፲፣ ከ፲ እስከ ፻ ሲሄድ ለእርስዎ የተቀረጸ ምልክት እንደሌለ ስለማውቅ፣ "አላውቀውም" ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ችግሩም ከዚያ የመጣ መስሎኝ ነበር። የኔታ ግን ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩና "አልቦ እንለዋለን" አሉ። ዓመተ ዓለሙን በንዑስ ቀመር በ19 ገድፈው፣ ከቀሪው አንዱን አትተው ወንበሩን ሲያወጡ አንዳንድ ዓመት ምንም አይተርፍም፤ ያ ዓመት አልቦ ነው። "ግን ልብ በል" አሉኝ፣ "አልቦ የሚባለው ሒሳቡ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው። ሳይቆጥሩ አልቦ ማለት የለም።" የኔታን በዚያች ቅጽበት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባደረጋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በመንገድ ላይ ሳሉ እዚህ ብዙ ነገር ሆነ። ሳመለክት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 41,250 ብሬ ከ700 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን ተሻገረ። ገንዘቤ ፎልደር ውስጥ እንደተኛ በግማሽ ከሳ። ለላፕቶፖቹ የተበደርኩበት ባንክ በየወሩ ወለዱን ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ለመንግሥት ያለ ወለድ አበድሬ ተቀምጫለሁ። የወር ዲክላሬሽኔን አንድ ቀን ባዘገይ ቅጣቱ ከነወለዱ ይመጣል፤ ለዚያን ጊዜ ሲስተም ጠፍቶ አያውቅም። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር እንኳ ዓመቱን በሙሉ ደርቆ ቆይቶ ለጥምቀት ይሞላል፤ የኔ ሒሳብ ደብተር ሁለት ጥምቀት አለፈው።

አዲሱ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። "ያመለከቱት በየትኛው አዋጅ ነው?" በድሮው አልኩ። "ድሮው ተሽሯል።" እንግዲያው በአዲሱ አልኩ። "አዲሱ ሲወጣ እርስዎ አመልክተው ነበር።" እኔና እርስዎ የምንገናኝበት አንቀጽ በዚህ መካከል ያለ ኮሪደር ነው ማለት ነው። ኮሪደሩን አውቀዋለሁ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለው፣ አንደኛው እግሩ ተሰብሯል።

ባለፈው ሰሞን ሦስተኛው ባለሙያ ፋይሉን ከፈተ። ከላይ የነበረውን የላፕቶፕ ደረሰኝ ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አየው። የማሽን ደረሰኝ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሲቆይ ይደበዝዛል። የሻጩ ስም የለም፣ ቀኑ የለም፣ 24,000ው የለም። ነጭ ወረቀት ነው። ጄኔሬተሩም እንዲሁ። "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምንም አይነበብም" አለኝ በሐዘኔታ። አልቦ። ሳይቆጠር።

ልቡ ራርቶልኝ መሰለኝ፣ "ሌላ ማስረጃ ካለዎት እናያለን። ያ ፍላሽ አለ የተባለውስ?" አለ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ዘመዴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ባለሙያው አገላብጦ አየው።

"ይኼ ነው የወጣው?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋል?"

"ተመለሰ።"

"ከተመለሰማ ኤክስፖርት አይደለም" አለና ፋይሉ ላይ በቀይ ጻፈ፤ "ተመላሽ፦ ፍላሽ፣ ብዛት 1።" አስፈርሞ ሰጠኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ፊርማዬ ካመለከትኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ "ተረክቤአለሁ" ከሚል ቃል ሥር ስለሰፈረ ነው። ጎንደር ከመጡ ቢሮዬ ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የጄኔሬተሩን ድምፅ ተከትለው ይምጡ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ውርጭ ላኪ

ግልባጭ፦
ለአቶ 15 በመቶ (ማኪያቶ ላይ በእጅ የሚሰጥ)
ለመዝገብ ቤት (ኦዲት ጋ ካልሆነ)