እኔ ጋ ይሠራል

የስታቲስቲክስ ኮዳቸውን ለዓለም በሚያጋሩ ተመራማሪዎች ላይ የሚወርደው ወቀሳ ከልክ አልፏል። ሰዎቹ ምን በደሉ? የደከሙበትን ስክሪፕት በነፃ ሰጡ። እናንተ ከፍታችሁ ስታስኬዱት ቀይ በቀይ ሆነባችሁ፤ ጠየቃችኋቸው፤ እነሱም «እኔ ጋ ይሠራል» ብለው በትሕትና መለሱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቅረብላችሁ? እኔ በበኩሌ ዛሬ ጠበቃ ሆኜ ልቆምላቸው ወስኛለሁ።

ከሳሾች አኃዝ ይዘው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንቲፊክ ዴታ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አላቸው። አጥኚዎቹ ተመራማሪዎች ሃርቫርድ ዳታቨርስ በተባለው የዳታ ማኅደር ያስቀመጧቸውን፣ በአር ቋንቋ የተጻፉ ከ9000 በላይ ፋይሎች ሰብስበው አስኬዷቸው። 74 በመቶው ስሕተት አሳይቶ ቆመ። ኮዱን አጽድተው፣ የፋይል አድራሻውን አስተካክለው፣ የጎደለውን ፓኬጅ ጭነውለት እንኳ 56 በመቶው አልነሣም አለ። ታዲያ ይኼ ለእኔ የሰዎቹን ቃል አክባሪነት ነው የሚያሳየኝ። አብዛኛው መጽሔት ደራሲውን የሚጠይቀው «ኮዱ ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው። ይገኛል። «ይሠራል ወይ?» ያላቸው የለም፤ ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ ችኩልነት ነው።

እስቲ የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመር ተመልከቱ። ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ የባለቤቱ ስም ከነአባቱ፣ ዴስክቶፕ፣ «ቴሲስ አዲሱ»፣ «ዶክተር ያረሙት»፣ ከዚያ በኋላ ዳታው። እንግዳ ጋብዞ የቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የወጣ አባወራ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግልጽነት እለዋለሁ፤ የሰውዬውን ጓዳ ድረስ አየን አይደል? ጄኒ ብራያን የተባሉ ስመ ጥር የአር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲህ ያለ መስመር የሚጽፍን ሰው ቢሮው ድረስ መጥተው ኮምፒውተሩን እንደሚያቃጥሉበት ዝተው ነበር። ዛቻው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ግን ማን አሰበበት? ስክሪፕቱ በምድር ላይ የሚሠራበት ብቸኛ ኮምፒውተር እኮ እሱ ነው! ካቃጠሉት ሳይንሱ የት ሊገባ ነው?

ከአድራሻው ቀጥሎ ዐሥራ ምናምን ፓኬጆች በስማቸው ይጠራሉ። የትኛው ቨርዥን? አይነገርም። በየትኛው አር? እሱም የቤት ምሥጢር ነው። አንዳንዱ ጠንቃቃ ግን የዘር ቁጥር ያስገባል፤ ብዙውን ጊዜ 123 ነው፤ ምርጫ በዘፈቀደ ሲደረግ ማንም ደግሞ ቢያስኬደው አንድ ዓይነት ዕጣ እንዲወጣ። ጥሩ አሳቢ። ክፋቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አር 3.6.0 የዕጣ አወጣጡን ስልት ቀየረ፤ የቀድሞው ከበጣም ብዙ ነገሮች መካከል ሲመርጥ ትንሽ ያጋድል ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ያው 123 በአሮጌውና በአዲሱ የተለያየ ሰው ይመርጣል። በዓመቱ ደግሞ አር 4.0.0 መጣና ጽሑፍ የያዘን ዓምድ ሳይጠየቅ ወደ ፋክተር (ወደ ምድብ ዓምድ) መለወጡን ተወ፤ በዚህ ልማድ ተማምኖ የተጻፈ ስክሪፕት ሁሉ ከእግሩ ሥር ምንጣፉ ተሳበበት። የቋንቋው ሠሪዎች በአንድ መስመር ወደ ድሮው ዕጣ የሚመለሱበትን መንገድ ትተዋል። በሥራ ላይ ያሉትን የአርና የፓኬጆች ቨርዥን ዘርዝሮ የሚያወጣ አንድ ትእዛዝም አለ። አንድ ትእዛዝ ግን ያው ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ አንባቢውን አፕዴት አድርግ ያለው ማነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀይ ጽሑፍ አሳይቶ ስለሚቆመው ስክሪፕት ነው። እሱ ቢያንስ ጨዋ ነው፤ አልችልም ይላል። የእኔን አድናቆት የሚወስደው ምንም ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻው ሄዶ፣ በየኮምፒውተሩ የተለያየ ቁጥር የሚያወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድ ታዋቂ የኬሚስትሪ የአሠራር መመሪያ ጋር የወጣ የፓይተን ስክሪፕት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ስክሪፕት ባንድ ዳታ ላይ በአራት ሲስተም ሞከሩት። ዊንዶውስ 10ና ማክ ማቨሪክስ ተስማሙ፤ ኡቡንቱ ሌላ አለ፤ ማክ ሞሃቬ ደግሞ ሦስተኛ። ምክንያቱ ቢፈተሽ ሒሳቡ አይደለም። ስክሪፕቱ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ሲጠራ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ ብሎ አምኗል፤ ሲስተሞቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በፈቀዱት ተራ ያቀርባሉ። ማስተካከያው «ደርድር» የምትል አንዲት ትእዛዝ ነበረች። ከመቶ በላይ የታተሙ ጥናቶችን ሳይነካ አልቀረም ተብሎም ተሠጋ። እኔ ግን ለምን እንደሚሠጋ አይገባኝም። ውጤቱን ያልወደደ ላፕቶፕ ቀይሮ መሞከር የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

የእኛን አገር ደግሞ አትርሱት። ዊንዶውስ ላይ ያለ አር እ.ኤ.አ. በ2022 ቨርዥን 4.2 እስኪወጣ ድረስ የግዕዝ ፊደል ሲያይ ይደነግጥ ነበር። «ጎንደር» ብላችሁ ያስገባችሁትን ሠንጠረዡ ላይ እያንዳንዱን ፊደል በቅንፍ አስሮ፣ አኃዝና የላቲን ፊደል የተቀላቀለበት ኮድ አድርጎ ያወጣው ነበር። ማክ ያለው ጓደኛ ያንኑ ከፍቶ «ምን ሆናችሁ ነው? ይኸው ጎንደር!» ይል ነበር። ስታታ የተባለው ሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ ግዕዝን የሚያስተናግደውን ዩኒኮድ የተቀበለው በ14ኛው ቨርዥን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በ14 እንደዋዛ የተቀመጠውን ፋይል 13 አይከፍተውም። ለዚህም መፍትሔ አለው፤ ለአሮጌው ቨርዥን አድርጎ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ። ግን ባለ 13ቱ (ከየት እንዳገኘው አንጠይቅም) የሚደውለው ሌሊት ነው፤ ፋይሉን ያስቀመጠው ሰውም እንደ ደንቡ ስልክ አያነሳም።

ከሁሉም የምወደው የውጭ አገር ሰው ለኬንያ ጽፎ ለኢትዮጵያ የሚገለብጠውን ስክሪፕት ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ዓመት 2008 ይላል፤ ትክክልም ነው፤ ዘመኑን የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነዋ። ወራትን ቆጥሮ ወደ ፈረንጅ ለሚመልስ 92 መደመር እንዳለበት የዳታው መመሪያ ይናገራል። መመሪያ የሚያነብ ግን ኮድ አይገለብጥም። ስክሪፕቱ ያለ አንዳች ኤረር ሄዶ የአገሩን ሕፃናት በሙሉ ከተወለዱበት ቀን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አስቀድሞ ያዋልዳቸዋል። የዕድሜ ልዩነት ብቻ ከሆነ የሚሰላው ነገሩ ያልፋል፤ ልደቱን ከአንድ ድርቅ ወይም ከአንድ የክትባት ዘመቻ ቀን ጋር ያገናኘው እንደሆነ ግን ከመወለዱ በፊት ባለፈ ዘመቻ የተከተበ ትውልድ ያገኛል።

ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠሩት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ የሚያጋሩት ስክሪፕት የላቸውም። በማውዝ የተጫኑትን ማን ያስታውሳል? በየመስኮቱ ሥር የጫናችሁትን ሁሉ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር «ፔስት» የሚል አዝራር እንዳለ ሳይነኩት የሚመረቁ ብዙ ናቸው። ስክሪፕት ያላቸው ሲጠየቁ ደግሞ የስክሪኑን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ። ተቀባዩ ዓይኑን እያጨናበሰ መልሶ ይተይበው፤ መማሪያ ይሆነዋል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አለን የሚሉ አሉ። ሬንቭ የሚባለው ፓኬጅ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ዶከር ሙሉውን ሲስተም አሽጎ ያሻግራል። ማይክሮሶፍትም በአንድ ወቅት የአርን ፓኬጆች በየቀኑ ቅጂ እያነሣ፣ የፈለጋችሁትን ቀን ጠርታችሁ የዚያን ዕለት ፓኬጅ የምታገኙበት መዝገብ ነበረው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2023 ዘጋው። አያችሁ! ጥንቁቆቹ እሱን ተማምነው የጻፉት ስክሪፕት ከሰነፎቹ ጋር እኩል ቆመ። (ፖዚት የተባለ ድርጅት ተመሳሳይ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ይህን ማንሣት ግን ለደንበኞቼ አይጠቅምም።) ዶከርንም ቢሆን በሞባይል ዳታ ጊጋባይት አውርዱ ማለት ጭካኔ ነው። ስለዚህኛው እውነቴን ነው፤ ፈጣን መስመር ያለው ሰው ለሌለው ሰው የሚያዝዘው መድኃኒት ይመስለኛል። የቨርዥን ዝርዝሩ ግን ከአንድ የቴሌግራም ስቲከር ያንሳል። እሱንም አይልኩትም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። መጽሔቶች ከጽሑፉ ጋር ላፕቶፑን ይረከቡ። ከነቻርጀሩ፣ አፕዴቱ ተዘግቶ፣ ፓስወርዱ በወረቀት ተለጥፎ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለው «ቴሲስ አዲሱ» ሳይነካ። ውጤቱን ማረጋገጥ የሚፈልግ ወረፋ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱም አብሮ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ከመስመር 40 በፊት መስመር 112 መሄድ እንዳለበት፣ ከዚያ የሆነ ነገር በእጅ ገብቶ መስመር 57 እንደሚዘለል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። የውሎ አበሉ ጉዳይ ግን ከወዲሁ ይታሰብበት፤ በአር 3.5 ይሰላ ወይስ በ3.6 የሚለውን ፋይናንስ ይወስን።