የደበቅሁት መድኃኒት

በመሥሪያ ቤታችን ራሱን ያመመው ሰው ወደ ፋርማሲ አይወጣም፤ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። የላይኛው መሳቢያ ፓራሲታሞል፣ የታችኛው ዲክሎፌናክ፤ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ኢቡፕሮፌን ደግሞ ለክብር እንግዳ ኮቴ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ባልደረቦቼ «ዶክተር» ይሉኛል። ባልማርበትም ብዙ ስለከፈልሁበት ማዕረጉን ተቀብያለሁ።

እኔ «ራሴን አሞኛል» አልልም፤ «ማይግሬኔ ተነሳ» ነው የምለው። እንዲህ ሲባል ሰው ድምፁን ይቀንሳል፣ ስብሰባም ይቀራል። እውነተኛው ማይግሬን ያለው ግን ባለቤቴ ላይ ነው። ሲነሳባት ግማሽ ጭንቅላቷን እንደ ከበሮ ይደልቃታል፣ ያስመልሳታል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላታል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። እሷ መጋረጃ ዘግታ ስትተኛ እኔ ሳሎን ኳስ እያየሁ «አይዞሽ፣ የእኔም ዛሬ ብሶበታል!» እያልሁ እጮኻለሁ። የእኔው ግንባሬን ዙሪያውን እንደ ሻሽ ጥፍር አድርጎ የሚይዝ ነው፤ ኳስ አይከለክልም።

ጥፋቱን ያላሸከምሁት የለም፦ ፀሐይ፣ ምች፣ አለቃዬ፣ የጎረቤት ሙዚቃ። ረቡዕና ዓርብ ሲጸናብኝማ «በጾም ፈተና ይበዛል» እያልሁ በተጋድሎዬ እኮራ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ትሰጠኛለች፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቀኛል። ዳማከሴን ያልሰበክሁለት ሰው የለም። ስለ ቡናው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

«ማስታገሻ ይወስዳሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«በወር ስንት ቀን?»

«ያው... ሲያመኝ ብቻ።»

ባለቤቴ ሳቀች። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ደብተር ገዝቼ ያመመኝን ቀን፣ የዋጥሁትን ክኒን፣ የጠጣሁትን ቡና፣ የዘለልሁትን ምግብና የተኛሁበትን ሰዓት እንድጽፍ አዘዘችኝ። ወሩ ሲያልቅ ደምሬ አፈርሁ፦ ክኒን የዋጥሁባቸው ቀናት 22፣ ቡና ባልተጾመ ቀን እስከ ሰባት ስኒ።

ያኔ ነው የገባኝ። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። ረቡዕ ቀትር ላይ የሚፈትነኝ ሰይጣን ሳይሆን አቦል ነበር፤ ያዳነኝም ከዳማከሴው ሥር የተደበቀው ቡና ሳይሆን አይቀርም።

ክኒኑ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ራሱን የሚያመው ሰው እንደ ፓራሲታሞል ያለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወስድ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። ለማይግሬን የሚታዘዙት ትሪፕታኖችማ 10 ቀን ይበቃቸዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ በሽታውን ለአገር ሁሉ አውጄ መድኃኒቱን ነበር የደበቅሁት።

በሐኪሟ ምክር ክኒኑን አቆምሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ፤ እንደሚብስ ቀድማ ነግራኝ ስለነበር ብቻ ቻልሁት። ቡናውን ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ስኒ አወረድሁ፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲልም ቀደም ብዬ እቀንሳለሁ። በሰዓቱ እተኛለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ ባለቤቴን ሲያማት ቴሌቪዥን አጠፋለሁ። አሁን በወር የሚያመኝ ሦስት አራት ቀን ነው። አንዲት ፍሬ ክኒን ኮቴ ኪስ ውስጥ ቀርታለች። ለትዝታ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ አታምነኝም፤ ልክ ናት።

ሕመሙ በድንገት እንደ መብረቅ ከመታችሁ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ አፍ ካንተባተበ ወይም እጅና እግር ካዛለ፣ ደብተር አትግዙ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ለሌሎቻችሁ ግን ቁጥር ይበቃል፦ በዚህ ወር ስንት ቀን ክኒን ዋጣችሁ? «አልፎ አልፎ» ቁጥር አይደለም።