የመሸበት ቤት

ተረት ተረት። አንበሳ በነገሠበት አገር፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ አንድ የሣር ክዳን ቤት ነበር። የአገሩ ሐኪም ጉሬዛ ነው፤ ስብራት ይጠግናል፣ ቁስል ያደርቃል፣ ምጥ የጠናባትን ያዋልዳል። የበሽተኛው ነገር ከእጁ ሲወጣ ግን ቤተሰቡን ወደ ጓሮ ጠርቶ «ከአቅሜ በላይ ነው፤ ወደ ቤቱ ውሰዱትና ያማረውን አብሉት» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲያ አይጠይቀውም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማዳን ያልቻለውን ማየት ስለሚከብደው ነው። ከጉሬዛ ደጅ የተመለሱትን የምትቀበለው እመት ጦጢት ነበረች። በተረታችን ሁሉ በብልጠቷ የምናውቃት ጦጢት እጆቿን ለማጠብ፣ ለማገላበጥና ለማጉረስ አዋለቻቸው። «መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ» ያለ መንገደኛ ከደጅ አይመለስም ብላ ቤቷን የመሸበት ቤት አለችው።

አገሩ ግን ቤቱን ይፈራ ነበር። ጦጢት በአንድ ደጅ ብቅ ካለች ጎረቤቱ «እዚያ ቤት ለቅሶ ሊገባ ነው» ይባባላል። ገበያ ስትወጣ እጇን የሚጨብጥ ጠፋ። በመጨረሻም «ከአያ ጅቦ ጋር ውል አላት፤ ሬሳ ቆጥራ ታስረክባለች» የሚል ወሬ ተነዛ። ያለ ጥቅም ከሚሞት አጠገብ ማን ይቀመጣል?

ወሬው ከአንበሳ ጆሮ ሲደርስ አህያን አስጠራ። «የጅብን ጠረን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሂድና ያን ቤት መርምር። ጦጢት ምን አግኝታ ነው እዚያ የምትውል የምታድረው?»

አህያ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ግቢውን ዞረ፣ አጥሩን አሸተተ፤ የጅብ ጠረን የለም። የሚሸተው ሳሙናና የሚቆላ ቡና ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ የሚባል አላየም። ጉሮሮው ላይ እባጭ የወጣበት አያ በሬ እስኪነጋ ድረስ አገሣ። ጦጢት ራስጌው ተቀምጣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

«መድኃኒት የለሽም እንዴ?» አላት አህያ።

«መራራው ውሃ ነበረ። ንጉሡ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።»

አህያ አንገቱን ደፋ። ነገሩን ያውቀዋል። ጥቂት ዝንጀሮዎች መራራውን ውሃ ለስካር ሲጠጡ ስለተገኙ ንጉሡ በአገሩ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ አስቆልፎት ነበር፤ ጋኖቹን ተሸክሞ ግምጃ ቤት ያስገባውም ራሱ አህያ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ከሌባ ተጠበቀ ተብሎ ተመሰገነ። በሕመም ስለሚያገሡት ያነሣ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ፣ አንድ ቅል መጣ። ጦጢት ለክታ አጠጣችው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ደገመች፤ አሁንም ከአራት ሰዓት በኋላ። አህያ «አሁን እኮ አላመመውም፣ ለምን ታባክኚዋለሽ?» ቢላት «እስኪያመው ከጠበቅን ዘገየን» አለች። «ሕመሙን ገና በር ላይ ሳለ ነው የምንይዘው።» መራራው ውሃ ሆድ ያደርቃልና የሚያለሰልስም አብራ ሰጠችው። በሬን እንቅልፍ ወሰደው። በነጋታው ዓይኑን ገለጠና አብሮት ይጠመድ ስለነበረው ስለ ቦራ ጠየቀ፦ «ያ ሰነፍ ትልሙን ጨረሰ ወይስ አሁንም ቀንበሩን ወደ ግራ ይጎትታል?» ቆይቶ ጠላ አማረው፤ ከጥቂት በላይ መዋጥ ስላቃተው በጨርቅ ጫፍ ከንፈሩን አረጠቡለት። አህያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሣ የሰማው በሬና ይህ የሚያወራው በሬ አንድ መሆናቸውን ማመን አቃተው።

ይሁንና በሬ እንደማይድን እሱም ሚስቱ ላሚቱም ያውቁ ነበር። ላሚቱ ጦጢትን ደጅ ጠርታ «አደራሽን እንዳትነግሪው፤ ይደነግጥብኛል» ትላለች። በሬም ላሚቱ ስትወጣ ጠብቆ «አደራሽን እሷ እንዳትሰማ፤ ልቧ ይሰበራል» ይላል። እዚህ ላይ ተረቱን ገታ ላድርገው። በእኛ አገር ይህን ያላየ ቤት ጥቂት ነው። መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ አሰባስበን፣ በወግ በማዕረግ የምናረዳ ሰዎች ለሚሞተው ለራሱ ነገሩን የምንነግርበት ወግ የለንም። ከፍቅር የመጣ ዝምታ ነው፤ ሆኖም ሁለት የሚዋደዱ በአንድ ጣሪያ ሥር ለየብቻ እንዲያለቅሱ ያደርጋል። ያን ዝምታ በኃይል መስበር ደግሞ ጭካኔ ነው። ጦጢትን የማከብራት ከሁሉ በላይ በዚህ መካከል እንዴት እንደሚታለፍ ስለምታውቅ ነው።

ጦጢት ምንም አልነገረችም። በሬ አጠገብ ተቀመጠችና «አያ በሬ፣ ስለ ሕመምህ አንተ ምን ታስባለህ?» አለችው። ዝም አለ። እሷም ዝም አለች፤ አልቸኮለችም። ቆይቶ «የምነሣ አይመስለኝም» አለ። ያን ካለ በኋላ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው፦ ከፍየል የተበደረውን ገብስ፣ ከቦራ ጋር የተኳረፉበትን ነገር፣ ገና ያልተገራውን ወይፈኑን። «ይህን ለማን ልናዘዘው?» ሲል «ላሚቱን ልጥራልህ?» አለችው። ጠራቻትና ዕቃ ልታጥብ ወጣች። ከውስጥ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ኋላ ክርክር፣ ኋላም ሳቅ ተሰማ። የፍየል ገብስ ሁለት ቁና ነው፣ የለም አራት ቁና ነው እየተባባሉ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ከሰሜን የሚመጣው ስደተኛ ወፍ ጣሪያው ላይ አረፈ። አህያ «ይህን ነገር በሌላ አገር አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀው። ወፉ የሰው ልጆች ሲሠሩት ያየውን ነገረው። ለንደን ውስጥ ሲሲሊ ሳንደርስ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1948 ዴቪድ ታስማ የተባለ ከፖላንድ የተሰደደ አይሁዳዊ በካንሰር ሲሞት ትጠይቀው ነበር። ለሚሞቱ ሰዎች የሚሆን ቤት ስለመሥራት አብረው ያወሩ ነበርና ታስማ በዚያ ቤት መስኮት ይሁንልኝ ብሎ 500 ፓውንድ ተናዘዘላት። ሳንደርስ ሐኪምነት ተማረች፤ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈተችው በ1967 ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረተች፤ ሠራተኞቹም ሕመምተኛውን እቤቱ ድረስ ሄደው ያስታምሙታል። ካምፓላ ላይም አን ሜሪማን የተባለች ሐኪም በ1993 ሥራ ጀመረች፤ እዚያም ሕመም የሚያስታግሰው የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በአፍ ይወሰዳል። ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር እንዲሆን የኡጋንዳ ሕግ በ2004 ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ።

«ቁልፉን ለነርሶች ሰጡ?» አለ አህያ። ወፉ ከነገረው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረው ይህ ነበር።

በሬ በአንድ የኅዳር ማለዳ አረፈ፤ ከታረቀው ከቦራ ጋር እያወሩ ካደሩ በኋላ። ያን ዕለት የቤቱ ሠራተኞች ቡና አፍልተው ስለ በሬ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ጦጢት አለቀሰች። አህያ ደንግጦ «ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተሽ ገና አልለመድሽውም?» አላት።

«ሞትንስ ለምጄዋለሁ። በሬ ግን አንድ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይዞሽ ነው?»

«የመጣህ ሌሊት ምን ሰማህ?»

«ሲያገሣ።»

«ኋላስ?»

«ሁለት ቁና ነው፣ አራት ቁና ነው።»

«እሱን መስማት ነው የያዘኝ» አለች። «ጉሬዛ ምንም የሚደረግ የለም ካለበት ቀን ጀምሮ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ አልፈታም። ሁሉም አይችለውም። ጥንቸል እናቷ ስትሞት አልቻልኩም ብላ ተሰናበተችን፤ አልፈረድኩባትም። እኔም አንዳንድ ቀን እግሬ ይከዳኛል። ግን ሕመሙ ሲለቀው የሚመለሰውን አንድ ጊዜ ካየህ፣ የሚቀጥለው ማን ይሆን ብለህ ሳትጠብቅ አታድርም።»

አህያ ተመልሶ ጉባኤው ፊት ቆመ። «ጃንሆይ፣ ጅብ የለም። የሚያስፈራው ያለው እርስዎ ግምጃ ቤት ነው። የተቆለፈውን መድኃኒት ሌባ አላገኘውም፤ በሬም አላገኘውም። የወጣውና የገባው በመዝገብ ይያዝ፤ ቁልፉ ግን ለጦጢትና እሷ ላሠለጠነቻቸው ይሰጥ። ጋኖቹን መልሼ የማወርደው እኔ ነኝ።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ጉሬዛ ተነሥቶ «መድኃኒት የሐኪም ነው» አለ።

አንበሳ ብዙ ካሰበ በኋላ «ጉሬዛ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ቤቱ ውሰዱት ያልከው ድኩላ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አላውቅም፣ ጃንሆይ።»

«አህያ ያውቃል። ተከተለውና ሂድ። ስለ ቁልፉ ስትመለስ እንነጋገራለን።»

ጉሬዛ በዚያው ምሽት ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና «ድኩላን ልጠይቀው ነበር የመጣሁት። ላድነው ግን አልችልም» አለ።

ጦጢት ቀና ሳትል «ግባ» አለችው። «ጀርባው እንዳይቆስል ልናገላብጠው ነው። በዚያ በኩል እግሩን ያዝልኝ።»