ምጣድን ቶሎ ለመግደል

ዴራ ላይ እንጀራ ሲበላሽ ምጣዱን የሚጠረጥር የለም። የምትጠረጠረው ጋጋሪዋ ናት። «ሙያ የላትም» ይባላል፤ «እናቷ አላስተማረቻትም» ይባላል። የእህቴ ልጅ አግብታ ከአሰላ ወደ ዴራ ከወረደች በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ይህን ስትሰማ ኖራለች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር መሀሉ ያረረ፣ ዳሩ የገረጣ እንጀራ መሶብ ላይ አያለሁ። ደህና ደህናውን ለሰው ታቀርብና የባሰ ያረረውን ጓዳ ገብታ ራሷ ትበላዋለች። ጥፋቱ የማን እንደነበር ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምጣድ እንዴት እንደሚገደልና እንጀራ እንዴት እንደሚበላሽ ከነሥርዓቱ ልምከራችሁ። ምክሩን ገልብጬ የጻፍኩት ቀልድ አምሮኝ አይደለም። «እንዲህ አድርጉ» ባልኩ ቁጥር ሁሉም «እናውቃለን» እያለ አልፎኛል። አታድርጉ የሚባለውን ሁሉ ሲያደርጉ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ልትገዙ ስትሄዱ ላዩን ብቻ እዩ። ላሜራው አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቀውን ምረጡ። «ቶሎ ይሞቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ «ወዲያው!» ይላችኋል፤ እመኑት። ሸክላውን በጣታችሁ አንጓ እንዳታንኳኩ። ጤነኛ ሸክላ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ይህን ከሰማችሁ ትታችሁት ልትሄዱ ነውና ጆሯችሁን ጠብቁት። ስስ ሸክላ ስታገኙም ደስ ይበላችሁ፤ ስስ ሸክላ በእርግጥ ቶሎ ይሞቃል። ሊጡ ሲፈስበት ቶሎ እንደሚበርድ፣ ሽቦው ያለፈበትን ብቻ እያሞቀ ሌላውን እንደሚተው፣ ትንሽ ሲነካም እንደሚሰበር የሚገባችሁ ከወር በኋላ ነው። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ሸክላ ለመሞቅ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ አንዴ የያዘውን ሙቀት ግን አጥብቆ ይይዛል። ጣዕሙም ዕድሜውም ያለው እዚያ መዘግየት ውስጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ሽቦው እንዴት እንደተነጠፈ አትጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ የሚሄድ ቦይ አለው፤ ጥቅልሉ ሽቦ የሚተኛው እዚያ ነው። ዳሩ ለአየር የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሥራውን ያወቀ ሰው ቦዩን ዳር ዳሩን ጠበቅ፣ መሀሉን ላላ አድርጎ ይቆፍራል። ያላወቀው ወይም የቸኮለው ከመሀል ጀምሮ አጠጋግቶ ይሄድና ዳር ሲደርስ ሽቦው ያልቅበታል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ምጣዶች አንድ ናቸው። ዋጋቸውም አንድ ሊሆን ይችላል።

ምጣዱ ቤት የገባ ዕለት ሳታሟሹ ጣዱት። እንዲያውም ሶኬቱን ሰክታችሁ በሙሉ ኃይሉ ልቀቁት። ሸክላው በውስጡ እርጥበት አለው፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አትይዝም ነበር። መጀመሪያ ለስለስ ባለ እሳት ታሞቀዋለች፤ መዳፏን ከበላዩ አንሳፍፋ ቆይታ «ገና ነው» ትላለች። ከዚያ ከደጋው የመጣ ጎመን ዘር ወቅጣ በእፍኟ ትበትንበትና በጨርቅ ክብ ክብ እያደረገች ታሻዋለች። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጠረኑ ሦስተኛ ቤት ይደርሳል። ቀዩ ሸክላ መጀመሪያ ቡና ይመስላል፤ ደግማ ስታሸው ይጠቁራል፤ በሦስተኛው ፊት ያሳያል። ያ ጥቁር ልባስ የጎመን ዘሩ ዘይት በሙቀት ደርቆ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ነው። እንጀራ እንዳይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። በየጋገራው በማሰሻ ካልታደሰ ይሳሳል። እናንተ ግን ለማሰሻም ጊዜ አይኑራችሁ።

ልባሱ የተሠራበት ቤት ካለ ደግሞ ማጥፊያው ቀላል ነው። ምጣዱን በሳሙና እጠቡት። ሸክላ ይጠጣል፤ የጠጣውን ሳሙና በሚቀጥለው ቀን ለእንጀራው ይመልስለታል። በርበሬ አምሱበት። የአርሲ ገብስ መቼም ጥሩ ነውና ቆሎ ቁሉበት፤ ለቆሎ ብረት ምጣድ መኖሩን ርሱት። ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ ርጩበት። አያቶቻችን «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ያሉት ምጣድ እንዴት እንደሚከበር ስለሚያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሽቦው ልመለስ፤ ብዙ ምጣድ የሚሞተው እዚህ ነው። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው። ሲግል ላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ዝገት ያበጅና ያ ዝገት ውስጡን ከአየር ይከላከልለታል። የካውያና የጸጉር ማድረቂያ ሽቦ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሽያጩ የተከለከለው የኤሌክትሪክ ሲጋራም ሆዱ ውስጥ የዚህች ሽቦ ሚጢጢ ዘመድ አለችው። በሌላው ዓለም የትኛዋ ጥቅልል ጣዕም ትሰጣለች፣ የትኛዋ ቶሎ ታርራለች ብለው ሰዎች ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ። እኛ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ለቤተሰብ በምንጋግርበት ሽቦ ላይ የዚያን ሩብ ያህል እንኳ አንጨነቅም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ በፒንሳ ጠምዝዛችሁ አገናኙት። ይሠራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ ይሞቃል። የቤቱ ሰው «ተስተካከለ!» ብሎ ይደሰታል። የሚሞቀው ግን ሽቦው ስላጠረ ነው። ርዝመቱ ከአሥር አንድ እጅ ሲቀነስ የሚስበው ኃይል 11 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የቀረው ሽቦ ከተሠራበት በላይ ይግላል። የተጠመዘዘው ቦታ ደግሞ ላላ ብሎ ስለሚገናኝ እዚያው ላይ ፍም ይሆናል፣ ይዝጋል፣ ይሳሳል። ሁለተኛው መበጠስ ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ይመጣል፤ ሦስተኛውማ ሳምንት አይቆይም። በየጥገናው የእንጀራው ፊት ላይ አዲስ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ የሚቆጠረውም በጋጋሪዋ ላይ ነው። ሙሉ ሽቦውን በልኩ መቀየር ከሦስት ጥገና ይረክሳል፤ ይህን የሚነግራችሁ ጠጋኝ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ኤሌክትሪኩንም አበላሹ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ ስኩት፤ ገመዱ ይሞቃል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። 4 ካሬ ገመድ ከነብሬከሩ ለብቻው ይዘርጋለት የሚላችሁን ባለሙያ «ብር ሊበላ ነው» በሉት። ኧርዝ የሚሉትን የመሬት ገመድም ቁረጡት። ምጣዱ ላሜራ ነው፣ ሊጡ ውኃ ነው፣ የምትጋግረው ብዙ ጊዜ በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ ነው። እዚህ ላይ የገለበጥኩትን ምክር ላቃና፦ ኧርዝ የሌለው ምጣድ ሰው ይገድላል። በዚህ አይቀለድም።

ሌላው ደግሞ ሰዓት ነው። ጎረቤት ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ጋግሩ። ከአንድ ትራንስፎርመር ላይ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን ሰው «ትንሽ ቀነሰ» ይላል፤ ኃይሉ ግን የሚወርደው ከቮልቱ በባሰ ፍጥነት ስለሆነ 3,500 የነበረው 2,340 ዋት ገደማ ይሆናል። አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት የፈሰሰ ሊጥ ዓይን አያወጣም። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ሥሩ በድንገት ሲግል እንፋሎቱና ከእርሾው የመጣው አየር ወደ ላይ ሲፈነዱ ነው። ሰፈር ሙሉ ምጣድ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ እንዲገባችሁ፦ ከአዳማ ወደ ዴራ ስትመጡ ከኋላችሁ የምታስቀሩት የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት ነው። ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያግለው ወደ 14,500 ምጣድ ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ላይ የቆመው ቆቃ ደግሞ 43.2 ሜጋ ዋት ነው፤ ከዚያም ያንሳል። አንድ ምጣድ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም።

«ኤሌክትሪክ ይቅር፣ የእንጨት እንጀራ ይጣፍጣል» የሚሉም አሉ። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው አባባል ለወጥ ይሆናል፤ ለእንጀራ የሙቀቱ ምንጭ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ግን ለውጡ የሚመጣው ከጭሱ አይደለም። በደንብ የተያዘ እሳት ከሥር ሙሉውን ሸክላ ይልሰዋል፤ ጥሩ የተነጠፈ ሽቦም ይህንኑ ያደርጋል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ዙሪያውን ዘግቶ እሳቱን ስለሚሰበስብ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ለዴራ ቤት ሁሉ ይገባል። ጭስ የጠጣ ሳንባ ግን ለማንም ጣዕም ሊከፈል የሚገባው ዋጋ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሌላ መንገድ አገኙ። እዚያ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ስለሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አይሸከምም፤ የእኛን ምጣድ ቢሰኩበት ቮልቱ ስለማይበቃው በቅጡ አይግልም። ስለዚህ አዮዋ ውስጥ ለኖርዌጂያን ቂጣ፣ ለሌፍሴ፣ የተሠራ ክብ መጋገሪያ ገዝተው እንጀራ ጋገሩበት። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የዲያስፖራው እንጀራ የሚያንሰው በስስት አይደለም፤ በሶኬቱ ነው።

የእህቴ ልጅ ነገር እንግዲህ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ጥፋቱን ሊጡ ላይ ፈለግነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ዴራ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዳ ትሞቃለች። እዚያ ሦስት ቀን የሚቆይ ሊጥ እዚህ በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል። ቀኑን ቀነሰች፤ ኩምጣጤው ጠፋ። መሀሉ ግን ማረሩን አላቆመም።

በመጨረሻው ጉብኝቴ ሊጡ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሎ ደረሰ። ምጣዱ ተሰካ። አማቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ስጪኝ» አልኳት። በወንፊት አድርጌ ደረቁን ምጣድ ላይ ሙሉውን ነሰነስኩበት። ሦስታችንም ዝም ብለን አየን። መጀመሪያ መሀሉ ላይ ሳንቲም የምታክል ቡኒ ነገር ብቅ አለች። ከዚያ የቡና ሰሃን አከለች። ከዚያ ጠቁራ መጨስ ጀመረች። ዳሩ ላይ ያለው ዱቄት ግን ገና ከወንፊቱ እንደወረደ ነጭ ነው። ምጣድ ስትገዙ ይህን ፈተና በምንም ዓይነት እንዳትሞክሩ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ነገር ይናገራል።

ምጣዱን ነቅለን ካቀዘቀዝን በኋላ የሥሩን ላሜራ ፈታነው። መሀሉ ላይ ሽቦው ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጋግቷል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ሸክላ አለ። አንድ ቦታ ላይ የተጠመዘዘ ቋጠሮ አለ፤ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ምጣድ ነበር።

አማቷ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን አዩት። ምጣድን በኦሮምኛ ኤሌ ነው የሚሉት። «ኤሌው ነው ለካ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። እሳቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡና ባለፈው ጋገራ ካረረው ደብቃ ያስቀመጠችውን አንድ እንጀራ በሰሃን ይዘው ወጡ። በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ከመሀሉ፣ ከጥቁሩ፣ ቆርሰው መብላት ጀመሩ።