ውዳሴ ኮሚሽን

በዚህ ዘመን ገንዘብን ንቆ መኖርን የሚያስተምር ጠፋ እየተባለ በየደጀ ሰላሙ ሲታዘን እሰማለሁ። ነገር ግን ሐዘንተኞቹ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ወደ አራት ኪሎ ቢወርዱና ሥራ ፈላጊው ወጣት አንገቱን አስግጎ በሚያነበው ሰሌዳ ፊት ጥቂት ቢቆሙ ኖሮ፥ ይህ ትምህርት ከመምህራነ ቤተ ክርስቲያን እጅ ወጥቶ በማስታወቂያ ድርጅት ባለቤቶች እጅ መግባቱን፥ በዚያም ከቀድሞው ይልቅ መጽናቱን በተረዱት ነበር። «የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ፤ ጾታ አይለይም፤ የሥራ ልምድ አያስፈልግም፤ ደመወዝ፦ ማራኪ ኮሚሽን» ይላል ወረቀቱ። ማንን እንደሚማርክ አልተጻፈም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅቱ ከኤፍ ኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት ይገዛል፥ ወይም መጽሔት ያሳትማል፥ ወይም በመንገድ ዳር ቢልቦርድ ይተክላል፤ ይህንንም በሴኮንድ፥ በገጽ ወይም በካሬ ሜትር ሸንሽኖ ለባንኩ፥ ለሪል እስቴቱና ለሳሙና ፋብሪካው የሚሸጥለት ወጣት ይፈልጋል። ወጣቱ ከሸጠ ከመቶ ይህን ያህል ይታሰብለታል፤ ካልሸጠ ግን ወሩ ለሰው ሁሉ ሠላሳ ቀን ሆኖ ሳለ ለእርሱ ብቻ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

አቀባበሉ ግን ሥርዓት የጎደለው እንዳይመስላችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱም እንዲያው ደግ ሰው መሆኑ አይበቃም፥ ቋሚ ሥራ ያለውና የወር ደመወዙን ከመሥሪያ ቤቱ በማኅተም አጽፎ የሚያመጣ መሆን አለበት። ደመወዝ የሚባል ነገር በማይታወቅበት ቤት የዋሱ ደመወዝ ይህን ያህል በትጋት መመርመሩ ለጊዜው ያስደንቃል፤ ምናልባት ቃሉ ከነጭራሹ እንዳይረሳ ለመታሰቢያ የተደረገ ይሆናል። ዋሱ ከተገኘ በኋላ «የማርኬቲንግ ማናጀር» የሚል ቢዝነስ ካርድ ይታተምለታል። በቀድሞው ዘመን ሰው ሲሾም ከማዕረጉ ጋር ጉልት ይከተለው ነበር፤ የዛሬው ማዕረግ ግን ራሱ ጉልት ነውና ሌላ የሚከተለው የለም።

«አንተ እኮ የራስህ አለቃ ነህ» ይለዋል ባለቤቱ፥ ገና በመጀመሪያው ቀን። ይህም የራሱ አለቃ የሆነው ሰው ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ ይፈርማል፤ ክራባት ሳያስር ቢመጣ ይገሠጻል፤ ዓርብ ዓርብ የጎበኛቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በጽሑፍ ያቀርባል፤ ቢቀር ምክንያቱን ይጠየቃል። የታክሲው፥ የስልክ ካርዱና የፎቶ ኮፒው ወጪ ሲነሣ ግን ነጻነቱ ወዲያው ይመለስለታል። በትርፍ ጊዜ ሎሌ፥ በኪሳራ ጊዜ ሸሪክ ሆኖ መኖርን የፈለሰፈ አእምሮ በእውነት ተራ አእምሮ አይደለም።

ከቢሮ ወጥቶ ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚሻ ቢኖር ወደ አንድ ትልቅ ድርጅት በር ይከተለው። ዘበኛው መታወቂያውን ተቀብሎ ያስቀራል። በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ፕሮፖዛሉን ሲያስገባ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ «ወንድሜ፥ እዚህ ጋ ማኅተም የለውም» ትለዋለች። ተመልሶ ወደ ቢሮው ይሄዳል፤ ማኅተሙ ያለው በሒሳብ ሹሟ መሳቢያ ውስጥ ነው፥ እርስዋም ባንክ ሄዳለች። ከሰዓት በኋላ አስመትቶ ሲመለስ ደብዳቤው ቁጥር ይሰጠዋል፤ «ለማርኬቲንግ ይመራል፥ በሳምንቱ ደውል» ይባላል። በሳምንቱ ሲደውል «በሂደት ላይ ነው»፤ በሰኔ ሲደውል «በጀት ተዘግቷል»፤ በሐምሌ ሲደውል «በጀት ገና አልተለቀቀም»፤ በነሐሴ ሲደውል «የአዲስ ዓመቱን ለሌሎች ሰጥተን ጨርሰናል፥ ለገና ቀደም ብላችሁ ጠይቁን»። እነዚህን አራት ወራት የበላው ከእናቱ ማዕድ ነው፤ ስለዚህ እኒያ እናት ሳያውቁት የማስታወቂያ ድርጅቱ ዋና ስፖንሰር ሆነዋል፥ ስማቸው ግን ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ሲጠራ አልሰማሁም።

እንዲህም ሆኖ አንዳንዴ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገዢ በመርካቶ የፍራሽ ሱቅ ያለው አጎቱ ነው፥ ሁለተኛው የአጎቱ ጎረቤት፤ ዘመድ ያለቀ ዕለትም ወጣቱ «ተነሣሽነት ጎደለው» ተብሎ ይሰናበትና ሌላ አጎት ያለው ሌላ ወጣት ይቀጠራል። ከዘመድ ክልል አልፎ ለባንክ የሸጠ ጎበዝ ቢገኝ ደግሞ ኮሚሽኑ የሚከፈለው «ሒሳቡ ሲሰበሰብ» ነው፤ ሰብሳቢውም ራሱ ነው። ቼኩ በወራት ልመና ከመጣ በኋላ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይነሣለታል፥ የጣቢያው ድርሻ ይነሣለታል፥ የቀረጻው ዋጋ ይነሣለታል፤ ከቀረው ላይ የእርሱ መቶኛ ይሰላል። በዓመቱ ባንኩ ውሉን ሲያድስ ባለቤቱ በአባትነት ድምፅ «ይህ እንግዲህ የቤቱ ደንበኛ ሆኗል» ይለዋል፤ የቤቱ ደንበኛ ማለትም ኮሚሽን የማይታሰብበት ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በከለከለ ጊዜ፥ ከዋነኞቹ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች መካከል የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከአየሩ ወጡ። ይህን የመሰለ ነገር ደመወዝ በሚከፍል ቤት ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሣዋል። በኮሚሽን ቤት ግን ባለቤቱ ወጣቶቹን ሰብስቦ «አሁን ነው ጎበዝ የሚለየው» አለና ሻዩን ጠጣ፤ የቢራው ጉድለት ያረፈው ከእርሱ ሳይሆን ከጎበዙ ትከሻ ላይ ነበርና።

በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ፥ ሳያስበው ይመስለኛል፥ ለእነዚህ ጌቶች ታላቅ በረከት አውርዶላቸዋል። አዋጁ ደመወዝን ሲተረጉም ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ሐሳቡም ደመወዝ ላለው ሰው ኮሚሽን በላዩ የሚጨመር ጉርሻ ነው የሚል ይመስላል። ባለቤቶቹ ግን በላዩ ያለውን ይዘው ከሥሩ ያለውን ጣሉት። በአዋጁ መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የመደበኛውን ሰዓት ደመወዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድም ደመወዝ የሚከፈልበት 16 የሥራ ቀን ነው። እንግዲህ በመስቀል ቀን ስፖንሰር ሲያሳድድ ያመሸው ወጣት የባዶን ሁለት ተኩል እጥፍ ይቀበል፥ በክረምትም 16 ቀን በባዶ ይረፍ። ወደ ክርክር ቢኬድ «ሠራተኛችን አይደለም፥ በራሱ ኃላፊነት የሚነግድ ሰው ነው» የሚል መልስ ተዘጋጅቷል፤ የመግቢያ ፊርማውም መዝገብ የዚያን ዕለት ከመሳቢያው አይገኝም።

ደግነቱን ሳየው የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ትሩፋት ያለው ሥርዓት ለምን ከአንድ ጠረጴዛ አያልፍም? የቢሮው አከራይ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ሲጠይቅ «ማራኪ ኮሚሽን እናስብልዎታለን» ያለው የለም። ጣቢያውም ለአየር ሰዓቱ፥ ማተሚያ ቤቱም ለወረቀቱ ተመሳሳይ ስብከት አልደረሳቸውም፤ ሾፌሩና ጸሐፊዋም በወሩ መጨረሻ ፈርመው ይቀበላሉ። ገንዘብን የመናቁ ጸጋ የወረደው ሰዓት ጠብቆ እምቢ ለማለት አቅም ለሌለው፥ ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ለወጣው ልጅ ብቻ ነው። ሌሎቹ እምቢ ማለት ስለሚችሉ ይከፈላቸዋል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው፥ ከዚህ የጠለቀ ትርጓሜም አልተገኘለትም።

ስለዚህ የተከበራችሁ ባለቤቶች፥ ቀጥሎ ወረቀት ስትለጥፉ «ማራኪ» ከሚለው ቃል በፊት አንድ የወር ደመወዝ በቁጥር ጻፉ፤ ትንሽም ቢሆን ጻፉት። መጻፍ ካልቻላችሁ ግን ዋስ ማምጣት የሚገባው ወጣቱ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።