ታኮና ሪሞት

መኪናዬ ዲኤክስ ጠዋት የምትነሣው ወይ በቁልቁለቱ ነው፣ ወይ በሰፈሩ ልጆች ነው፤ በቁልፍ የተነሣች ዕለት በዓል ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች ሲባል እሰማለሁ። ለጎብኚው ተቀምጣ ይሆናል። ለባለመኪና ግን አዘንብላ ነው ያለችው።

ስለዚህ የእኛ ሰፈር ሰው ማታ መኪናውን ሲያቆም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ያዞርና ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ከጎማዋ ሥር ታኮ ይሸጉጣል። የእጅ ፍሬን የለም አይባልም። ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ መኖሩ ደስ ይላል እንጂ ለክፉ ቀን አይቆጠርም። የእኔዋ ደግሞ ሞተሯ ስለደከመ ማርሽ ውስጥ ሆናም ሹልክ ማለት ለምዳለች። በዚህ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ታኮውን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ከጠፋ ሹፌሩ ራሱ አንሥቶ፣ ሳትቀድመው ሮጦ መግባት አለበት። እኔን ሩጫው ከተወኝ ቆይቷል፤ ለሁለት የጎረቤት ልጆች አሥር አሥር ብር ቆርጬላቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ታናሽ ወንድሜ ኤድመንተን፣ ካናዳ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ደወለ።

«ጋሼ፣ አሁንም እያስገፋህ ነው?»

«ምን ላድርግ?»

«ለገና ስመጣ ሪሞት ስታርት ይዤልህ እመጣለሁ። ዓይነቱን ብቻ ምረጥ።»

እሱ ባለበት አገር ክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። መኪና ማታ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክታ ታድራለች፤ ሽቦውን ሳይነቅል የነዳ ሰው ገመዱን እንደበጠሰ በግ እየጎተተ ይሄዳል። ጠዋት ባለቤቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቡናውን እየጠጣ ሪሞት ይጫናል፣ መኪናዋ ውጭ ትነሣለች፣ በረዶው ከመስታወቷ ላይ ይቀልጣል፣ ወንበሩ ይሞቃል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ሰው ካልመጣላት ራሷን ታጠፋለች። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ብርዱን አይደለም፤ ቡናውን።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ቀላሉ ሲሆን እንደ ስለት ነው፤ ትልካለህ፣ መድረሱን አታውቅም። ሁለተኛው መልስ ይሰጣል፤ መኪናዋ ስትነሣ ሪሞቱ ላይ ጢጥ ብሎ ይነግርሃል። ሦስተኛው በስልክ ነው።

«ኔትወርክ እስካለ ድረስ አዲስ አበባ ሆነህ ላሊበላ ያለችውን መኪና ማስነሣት ትችላለህ» አለኝ።

«ኔትወርክ እስካለ ድረስ» የሚለው ቃል ላይ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።

«እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እዚህ ብትነሣ ማን ሊሄድባት ነው?» አልኩት በመጨረሻ። መልስ የሚሰጠውን መረጥኩ። መልስ ከማይሰጥ ነገር ጋር በቂ ዕድሜ አሳልፌአለሁ።

መመረጡስ ተመረጠ። ግን ይህ ዕቃ፣ እንደ ሴት ልጅ ወላጆች፣ ለመሰጠት ጥያቄ አለው።

«ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው ማንዋል?» ማንዋል። ወንድሜ ተነፈሰ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እያለች ሪሞቱ ቢጫን ሞተሪኖው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን መኪናዋንም ይዟት ይነሣል። የእኔዋ ታኮውን ዘላ ብታልፍ መጀመሪያ የምታገኘው የጎረቤታችንን የእማማን አጥር ነው። ለማንዋል መኪና መላ አልጠፋለትም፤ ማታ ሞተሩ ሳይጠፋ ማርሹን ባዶ ታደርጋለህ፣ የእጅ ፍሬን ትስባለህ፣ ቁልፉን ትነቅላለህ። ሞተሩ ቁልፍ ሳይኖረውም ይሠራል። ትወጣለህ፣ በሩን ትዘጋለህ፣ ያኔ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በሩ ከተከፈተ የጉምሩክ ማኅተም እንደተቀደደ ነው፤ ማርሹን ሰው ነክቶት ይሆናል ብሎ ጠዋት አልነሣም ይላል። ብልህ ነው። ብቻ ሌሊቱን ሙሉ መኪናዋን የሚይዛት ያ ሩቅ ዘመዴ ሊሆን ነው።

«ካርቡሬተር ናት ኢንጀክሽን?» ካርቡሬተር። የእኔን መኪና ለማስነሣት አስቀድሞ ነዳጁን ሁለት ጊዜ መርገጥ ያስፈልጋል፤ ብርድ ያደረ ዕለት ሦስት። አራት ከሆነ ቤንዚን ቤንዚን እስክትሸት አጠገብኳት ማለት ነውና ወርዶ መጠበቅ ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅምና ቤንዚኑን እንደልማዱ ያፈሳል። ልኩን የሚያውቀው እግሬ ነው። ሪሞቱ እግር የለውም።

«ኮፈኗ በደንብ ይዘጋል?» ዕቃው ኮፈን ሥር የምትገባ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለችው፤ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሳለ አንድ ሰው ከሩቅ ተጭኖ ጣቱን እንዳያስቆርጠው፣ ኮፈኑ ክፍት ከሆነ ሞተሩ እንዳይነሣ ትከለክላለች።

«በሽቦ የታሰረ ነው» አልኩት።

«የምን ሽቦ?» አለኝ። ካናዳ ብዙ ነገር ታስረሳለች።

የመጨረሻው ጥያቄ የምታድረው ዝግ ቤት ውስጥ ነው ወይ የሚል ነበር። ይሄ ቀልድ የለውም፤ የሞተር ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ ሳይሸት ሰው ይገድላል። የእኔዋ ከሰማይ በታች ስለምታድር ይህን ፈተና ብቻ አለፈች።

እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ መኪና የሚነሣው ሰው ከፊቱ ቆሞ በእጁ እየዘወረው ነበር። ዘዋሪው መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻውን ሠራ፤ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ተገጠመና ሹፌር ከመኪናው ፊት ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሪሞት ደግሞ ከወንበሩ አንሥቶ ወጥ ቤት አስገባው። ሰው ሁሉ እንዲህ ከመኪናው እየራቀ ሲሄድ እኔ ከመኪናዬ ኋላ ሆኜ እየገፋሁ ነው።

ወንድሜ ግን አንዴ ገዝቶታልና ይዞት መጣ። ስጦታ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ወዲያ አይመለስም። ታኅሣሥ 29 ቤተ ማርያም ላይ የቤዛ ኩሉን ዝማሬ ሰምተን፣ ጠግበን ከተኛን በኋላ በማግሥቱ ለጎረቤቴ ሰጠነው። ጎረቤቴ እንግዳ ማረፊያ አለው፤ መኪናው ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ፣ ኮፈኗ ያለ ሽቦ የሚዘጋ። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከወልድያ ድልብን ወጥቶ፣ በጋሸና ታጥፎ መጣና የቪትዟን አንጀት ዘርግፎ ዋለ። የቁልፏን ቺፕ ለማታለል ተብሎ ሁለተኛው ቁልፍ ዳሽቦርዷ ውስጥ ተቀበረ። ይህን ለሌባ አትንገሩ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ጎረቤቴ፣ ወንድሜና እኔ ከአጥሩ ኋላ ተሰልፈን ጠበቅን። እማማ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከኪዳን ሲመለሱ ሪሞቱ ተጫነ። ቪትዟ መብራቷን ብልጭ አድርጋ ተነሣች። እማማ ቆሙ። እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ማን አለ ውስጧ?»

«ማንም የለም እማማ! በሪሞት ነው!» አለ ጎረቤቴ እየዘለለ።

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«የትም። እየሞቀች ነው።»

«ቤንዚኑስ?»

ጎረቤቴ መልስ አልነበረውም። እማማ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያጠፋነው እኛ ነን። ቀን ሰው ሲጠርብ የዋለውን ዓለት ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገውት ያድሩ ነበር ሲባል እየሰሙ ያደጉትን ሴት፣ ሰው የሌለበት ሞተር ሊያስደንቃቸው አስበን ነበር። ደግሞም ልክ ነበሩ። ኢንጀክሽን መኪና ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። ውርጩ የሚጋገረው ከ4,200 ሜትር በላይ አቡነ ዮሴፍ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቪትዝ የሚያቆም የለም።

ጎረቤቴ ግን ሪሞቱ ከእጁ አልወርድ አለ። ለእንግዳው፣ ለአስተናጋጁ፣ አትክልት ለምታመጣው ሴት፣ ለሁሉም አስነሥቶ ያሳያል። በቀን አሥር ጊዜ ትነሣለች፣ አሥሩንም ጊዜ የትም ሳትሄድ ትጠፋለች። ማስነሣት ባትሪ ይበላል፤ የሚመልሰው መንዳት ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ በረንዳው ላይ ቆመው ሳለ፣ ሪሞቱን ተጫነ። ቪትዟ ጠቅ ጠቅ አለችና ዝም አለች። መልስ ሰጪው ሪሞት በዚህ አይታማም፤ አለመነሣቷን ሳይደብቅ ነገረው።

ሁለቱ ልጆች የለመዱትን እንጀራ አገኘን ብለው እየሮጡ መጡና ከኋላዋ ተሰለፉ።

«አትገፋም» አላቸው ጎረቤቴ። «አውቶማቲክ በግፊ አይነሣም።»

ትልቁ ልጅ ቪትዟን ከላይ እስከ ታች አያት። «ታዲያ ምን ትሠራለች?» አለ።

ጎረቤቴ ኬብል ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ገባሁ፣ ልጆቹ ታኮውን አነሡ፣ ዲኤክስ በቁልቁለቱ ተንከባለለች፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ ሁለት ጊዜ አሳላትና ተነሣች። ዞሬ መጣሁ። ሽቦውን ፈትቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ባትሪ ከባትሪ አገናኘን፤ እኔ እንዳትጠፋብን ነዳጅ እየረገጥኩ ሳለ ቪትዟ ነፍስ ዘራች። እንግዶቹ አጨበጨቡና ሄዱ።

ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ዛሬ እኮ አልገፋችሁም» አልኳቸው።

«ታኮውን ማን አነሣው?»

ጎረቤቴ ከፈለ።